ለጀማሪ አሰልጣኞቻችን የትኛው መንገድ ይሻላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ የተዘጋጀ ንጽጽር

በየዓመቱ ሐምሌ ገብቶ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ለአሰልጣኞቻችን ምን እናድርግላቸው? ጠያቂዎቹ የወረዳና የክፍለ ከተማ ስፖርት ባለሙያዎች፣ የክለብ ሥራ አስኪያጆች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ አንዳንዴም ማሊያና ኳስ ከኪሳቸው እየገዙ የሰፈር ቡድን የሚያቆሙ ነጋዴዎች ናቸው። አንዱ «ላይሰንስ (የአሰልጣኝነት ፈቃድ) ይያዙ» ይላል። ሌላው «አምስት ቀን አዳራሽ ሰብስበን እናሠልጥናቸው» ይላል። «ከአንጋፋ አሰልጣኝ ሥር ምክትል ይሁኑ» የሚልም አለ። በየስብሰባው ደግሞ «ሜንተርሺፕ» የሚል ቃል ይሰማል፤ ልምድ ያለው አሰልጣኝ ጀማሪዎቹን በየሜዳቸው እየዞረ የሚያይበትና የሚመክርበት አሠራር ማለት ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ተመላላሽ መካሪ» እለዋለሁ።

እኔ በሁለቱ ከተሞች ታዳጊዎችን አሠልጥኛለሁ፤ ጀማሪ አሰልጣኞችም ሲያሠለጥኑ ሜዳ ዳር ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። ምሳሌዎቼ ባብዛኛው ከእግር ኳስ ናቸው፤ ለአትሌቲክስም ለቮሊቦልም ግን ነገሩ ያው ነው።

መመዘኛው ይቅደም

ምርጫው የሚበላሸው «የቱ ይሻላል?» ብለን ስንጀምር ነው። መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንስማማ።

ከሁሉ በፊት የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ በሦስተኛው ወር ማን ይመጣል? ሥልጠናው አልቆ፣ ፎቶው ተነሥቶ፣ አበሉ ተከፍሎ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ያ ወጣት አሰልጣኝ ሜዳ ላይ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚያይ ሰው አለ ወይ? ይህን የማስቀድመው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለአምስት ቀን ሥልጠና ጠራን። አሠልጣኙ ጎበዝ ነበር፤ ደብተሬን ሞላሁ፤ የምስክር ወረቀቴንም ተቀበልኩ። ሰኞ ወደ ሜዳዬ ተመልሼ የተማርኩትን ስሞክር ልጆቹ ተተራመሱብኝ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የልምምዱ አላውቅም ነበር፤ የምጠይቀውም ሰው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ታግዬ ወደ ድሮው አሠራሬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተምረሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ደብተሩ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

ሌሎቹን መመዘኛዎች በአጭሩ ላስቀምጥ። ጊዜው የሚያልፈው ወንበር ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? አሰልጣኙ ወደ ፊት ሥራ ሊቀጠርበት የሚችል ወረቀት ያገኛል? ገንዘቡ ምን ላይ ያልቃል፣ አበልና ሆቴል ላይ ወይስ ልጆቹ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ? መንገድ ሲዘጋስ ሥራው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ሴት አሰልጣኞች በእርግጥ ሊገቡበት ይችላሉ? ቤት ያላት፣ ትንሽ ልጅ ያላት ሴት ለሁለት ሳምንት ሌላ ከተማ ሂጂ ስትባል «አመሰግናለሁ» ብላ ትቀራለች፤ ከዚያ «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ይህ ያሳዝነኛል።

የላይሰንስ ኮርስ

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የላይሰንስ መሰላል ከዲ ተነሥቶ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ፕሮ ላይ ይደርሳል። ኮርሶቹ እዚህ አገር የሚሰጡት በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኩል ነው። አትሌቲክስም በፌዴሬሽኑ በኩል የራሱ የደረጃ ኮርሶች አሉት።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ወረቀቱ ግዴታ ይሆናል፤ ክለብ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ሊያልፈው አይችልም። ትምህርቱም ቅደም ተከተል አለው፤ ዕቅድ አወጣጥን፣ የዕድሜ ደረጃን፣ የጨዋታ መርሆችን በሥርዓት ያስይዛል።

ችግሩ ማንን እንደምንልክ ነው። ሜዳ ላይ ስድስት ወር እንኳ ያልቆመ ወጣት ሲላክ የሚሰማውን የሚያያይዝበት ነገር የለውም። ሁለት ሦስት ዓመት ያሠለጠነ ሰው ግን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል፤ «ልጆቼ ኳስ ሲነጠቁ ለምን ይቆማሉ?» የሚል የራሱ ራስ ምታት አለው፤ ኮርሱ ለእሱ መድኃኒት ይሆናል። ሌላም አለ። ወረዳው ያለውን ገንዘብ ሁሉ አንድ ሰው ላይ አፍስሶ ላይሰንስ ካስያዘው በኋላ ሰውዬው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። መብቱ ነው፤ አልወቅሰውም። ግን ዕውቀቱን ሳያካፍል እንዳይሄድ አስቀድሞ መዋዋል ይቻላል፤ ከኮርሱ መልስ ለአንድ የውድድር ዓመት ለሦስት ጀማሪዎች መካሪ ይሁን።

አዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ የአጭር ቀን ሥልጠና

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የራሴን ነግሬያችኋለሁ። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጠባብና ቁርጥ ያለ ነገር ለማስተማር። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ፣ የተሻሻሉ የጨዋታ ሕጎች፣ የልጆች ደኅንነት እንዲህ ያሉ ናቸው። «ፊፋ 11+» የሚባለው ጉዳት መከላከያ ማሟሟቂያም አለ፤ በሦስት ክፍል 15 እንቅስቃሴዎች ይዞ በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ አንድ ቀን ሙሉ ቢሠራበት አሰልጣኞች ይይዙታል። ነገር ግን ውጤት የሚሰጠው ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲሠራ ነው። መሠራቱን ደግሞ አዳራሹ አያይም። «ዘመናዊ የአሠለጣጠን ዘዴ» የሚል ሰፊ ርዕስ ያለው የአምስት ቀን ዕቅድ ከመጣላችሁ ገንዘቡን ወደ ሌላ አዙሩት።

ከአንጋፋ አሰልጣኝ ሥር ምክትልነት

አባቶቻችን ሙያ የተማሩት እንዲህ ነው፤ ከጌታው ሥር ተቀምጦ እያዩ። ደሴ ከተማና ኮምቦልቻ ከተማን የመሰሉ ክለቦች ባሉበት አካባቢ ይህ ዕድል አለ። ምክትሉ በየቀኑ ሜዳ ላይ ነው፤ የመልበሻ ክፍሉን ጸጥታም የሽንፈቱን ማግስት ልምምድም ያያል። ይህን የትኛውም ኮርስ አያስተምርም።

ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ምክትሉ ዓመቱን ሙሉ ኮን ሲደረድርና የውኃ ላስቲክ ሲሸከም ከከረመ የተማረው ኮን መደርደር ነው። ስለዚህ ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ስትስማሙ በእያንዳንዱ ልምምድ ላይ 15 ደቂቃ የእሱ ትሁን፤ ራሱ ያቅዳት፣ ራሱ ይምራት፣ ስትበላሽም ራሱ ያስተካክላት። ሁለተኛ፣ ምክትል የአለቃውን መልካሙንም ክፉውንም ይወርሳል። ልጅ የሚሳደብ አሰልጣኝ የሚሳደቡ ምክትሎችን ያፈራል። በዚያ ላይ ዋናው በውጤት ማጣት ሲሰናበት ምክትሉም አብሮ ሻንጣውን ይይዛል። ለክለብ የሚሆን መንገድ ነው፤ ለትምህርት ቤትና ለሰፈር ፕሮጀክት ግን አይደርስም።

ተመላላሽ መካሪ

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ደሴ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጭጋጉ ገና ከጦሳ ተራራ ራስ አልተነሣም። አንድ ወጣት አሰልጣኝ 24 ልጆችና 3 ኳሶች ይዟል። ልጆቹን በአንድ ረጅም ሰልፍ አቁሞ ተራ በተራ ወደ ግብ ያስመታቸዋል። ሊያየው የመጣው አንጋፋ አሰልጣኝ ሜዳው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጭረት ያሰምራል። አንድም ቃል አልተናገረም። ልምምዱ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ ወጣቱ ቀረብ አለ።

«ጋሼ፣ እንዴት አዩት?»

«አንተ ምን አየህ?»

«ልጆቹ ዛሬ ቀዝቀዝ ብለውብኛል። ብርዱ ይሆናል።»

ሰውዬው ደብተሩን ገልጦ አሳየው። «ያ ቀይ ካልሲ ያደረገው ትንሹ ልጅ አለ አይደል? በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኳስ የነካው አራት ጊዜ ነው።»

ወጣቱ ጭረቶቹን ቆጠረ። «ምን ላድርግ ታዲያ፣ ያለኝ ሦስት ኳስ ብቻ ነው።»

«ሦስት ኳስ ካለህ ሦስት ሜዳ አለህ ማለት ነው፣ ልጄ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ሜዳው በድንጋይና በጃኬት ለሦስት ተከፍሎ በየአንዳንዱ ላይ አራት ለአራት ይጫወቱ ነበር። ያንኑ ልጅ ቆጠረው፤ 31። ብርዱ ያው ነው፤ ኳሱም ያው ሦስት ነው።

እዚህ ላይ አዲስ ዕውቀት አልተሰጠም። በትንንሽ ሜዳ ማጫወት በየኮርሱ የሚነገር ነገር ነው፤ ያ ወጣትም ሰምቶት ያውቃል። የጎደለው የሰማውን ወደ ገዛ ሜዳው የሚያወርድለት ዓይን ነበር፤ ያም ዓይን ተመልሶ መምጣቱ።

መካሪው የአገሩ ሰው መሆኑም ይጠቅማል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የሐረጎ ተራራ አለ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው። ደሴ ላይ በማለዳ ሰውነት እስኪፍታታ ረዘም ያለ ማሟሟቂያ ያስፈልጋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ከቀትር በኋላ በፀሐይ ያንኑ ያህል ማስሮጥ ልጆቹን ገና ከመጀመሪያው ማድከም ነው። ጾሙም አለ። በወሎ ቡድን ውስጥ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ አብሮ ነው የሚሰለፈው። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ስለነበር ቡድኑ በሙሉ የሚጾምበት ሳምንት ነበር። ያን ጊዜ ልምምዱን ማሳጠር፣ ሩጫውን ቀንሶ በቅብብልና በአቋቋም ላይ መሥራት፣ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ማስጠጋት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከሩቅ ተጽፎ የመጣ ዕቅድ ይህን አያውቅም።

ወጪውን እንቁጠረው። አንድ መካሪ ከስድስት አሰልጣኝ በላይ አይያዝ። እያንዳንዱን በወር ሁለት ጊዜ ይይ። ከኅዳር እስከ ሰኔ ስምንት ወር ነው። ስድስት በሁለት፣ በስምንት ሲባዛ 96 ጉብኝት ይሆናል። በአንድ ቀን ሁለት ሜዳ ከደረሰ 48 የሥራ ቀን፣ በወር ስድስት ቀን ማለት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። በዚህ ላይ የእናንተን የቀን አበልና የሚኒባስ ታሪፍ አስቡበት። ስድስት ሰው ሌላ ከተማ ወስዶ ከማሳደር ጋር አስተያዩት፤ ሆቴል የለም፣ ሥራ የሚያስፈታ የለም፣ ልጆቹም ያለ አሰልጣኝ አይቀሩም። ሴት አሰልጣኝም ከቤቷ ሳትርቅ ትማራለች።

እንከኑን አልደብቅም። ትልቁ እንከን ልጅ መንጠቅ ነው። ጀማሪው አሰልጣኝ ሦስት ዓመት ያሳደገውን ጎበዝ ልጅ፣ «ሊመክር» የመጣው አንጋፋ ለራሱ ክለብ ይዞት ይሄዳል። ይህ አንድ ጊዜ ከተደረገ የዚያ አካባቢ አሰልጣኞች ሜዳቸውን ለማንም አይከፍቱም፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ በመካሪነት ዘመኑና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት መካሪው ከሚያያቸው ቡድኖች ልጅ አይወስድም፤ ልጁ የግድ ወደ ላይ ማደግ ካለበት በአሰልጣኙ እጅ፣ በወላጅ ፊት ይሁን። ሌላው እንከን መካሪው ተቆጣጣሪ ሲመስል ነው። ደብተሩ ወደ ቢሮ ከሄደና ለደረጃ ዕድገት ነጥብ መስጫ ከሆነ ወጣቱ እውነተኛ ልምምዱን ትቶ ለእንግዳ የሚሆን ልምምድ ያዘጋጃል። ደብተሩ የሁለቱ ብቻ ይሁን።

ይህ መንገድ ወረቀት አይሰጥም። ክለብ የሚፈልግ ወጣት ውሎ አድሮ ላይሰንሱን መፈለጉ አይቀርም።

እርስ በርስ መተያየት

ገንዘብ ከሌለ ይህ አለ። ሁለት ወይም ሦስት አሰልጣኞች በወር አንድ ጊዜ አንዱ የሌላውን ልምምድ ያያል፤ ከዚያ ቡና ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። መንገድ ሲዘጋ ስልክ ላይ የተቀረጸ አሥር ደቂቃ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላካል፤ የልጆቹ ምስል ግን ከቡድኑ ውጭ እንዳይወጣ አደራ። ደካማ ጎኑ ሁለቱም የማያውቁትን ነገር ማንም አይነግራቸውም፤ ይሉኝታም ይይዛቸዋል። ይሉኝታውን የሚሰብረው ቁጥር ነው፦ አሰልጣኙ ስንት ደቂቃ ተናገረ፣ ሰልፉ መጨረሻ ያለው ልጅ ስንት ጊዜ ኳስ ነካ፣ ካለፈው ሳምንት ስንት ልጅ ቀረ። እነዚህን ሦስቱን ለመቁጠር አንጋፋ መሆን አያስፈልግም፤ የተቆጠረ ነገር ደግሞ ቅሬታ አያመጣም።

በስፖርት ሳይንስ ዲግሪ መያዝም መንገድ ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ላይ ነው። ግን የዓመታት ጉዳይ ስለሆነ ለዘንድሮ በጀት ከሚወዳደሩት ጋር አላስገባሁትም። ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ወደ ሰፈር ፕሮጀክቶች ማምጣት ግን ዛሬም ይቻላል።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| መንገድ | በ3ኛው ወር የሚመለስ ሰው | ሜዳ ላይ የሚውል ጊዜ | ወረቀት | ገንዘቡ የሚያልቅበት | መንገድ ሲዘጋ | ለሴት አሰልጣኝ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ላይሰንስ ኮርስ | የለም | መካከለኛ | አለ፣ ዋጋ ያለው | ጉዞ፣ ማደሪያ፣ የኮርስ ክፍያ | ይቆማል | ከቤት ያርቃል |
| የአጭር ቀን ሥልጠና | የለም | ትንሽ | የተሳትፎ ብቻ | አበል፣ አዳራሽ | ይራዘማል | ይቻላል |
| ምክትልነት | በየቀኑ አለ | በጣም ብዙ | የለም፣ የሥራ ልምድ ብቻ | የምክትሉ ደመወዝ | ይቀጥላል | ክለቡ ፈቃደኛ ከሆነ |
| ተመላላሽ መካሪ | አለ፣ በወር 2 ጊዜ | ሙሉ በሙሉ | የለም | የመካሪው አበልና ትራንስፖርት | በከተማ ውስጥ ይቀጥላል | በጣም ይመቻል |
| እርስ በርስ | አለ፣ በወር 1 ጊዜ | ሙሉ በሙሉ | የለም | ቡናና የሚኒባስ ሒሳብ | በስልክ ይቀጥላል | ይመቻል |

እንደየአቅማችሁ

*ምንም በጀት የሌለው የሰፈር ፕሮጀክት።* እርስ በርስ መተያየቱን በዚህ ሳምንት ጀምሩ። ቧንቧ ውኃ ሰፈር ያለው አሰልጣኝ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለውን ይይ፤ በሚቀጥለው ወር ይገላበጥ። ሦስቱን ቁጥሮች በደብተር ያዙ። ስድስት ወር ከሠራችሁ በኋላ ወረዳ ዘንድ ሄዳችሁ መካሪ ስትጠይቁ ባዶ እጃችሁን አትሆኑም።

*ትምህርት ቤቶች።* የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩን አትለፉት። ስንታየሁ እሸቱ በአርሲ በቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው ያለፉ ናቸው። መምህሩ ልጆቹን በየቀኑ ስለሚያገኛቸው ለተመላላሽ መካሪ ከእሱ የተሻለ ተቀባይ የለም። ለተሁለደሬና ለኩታበር የገጠር ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከእግር ኳሱ ይልቅ የሩጫ መካሪ ቢመደብ እመርጣለሁ፤ ከፍታው አለ፣ ሜዳው አለ፣ ዕቃውም ብዙ አይጠይቅም።

*መካከለኛ በጀት ያለው ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ።* ገንዘቡን በሙሉ ተመላላሽ መካሪ ላይ አድርጉት። አንድ መካሪ፣ ስድስት አሰልጣኝ፣ ስምንት ወር። ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ከተገኘች መካሪዋም ሴት ትሁን። ከተረፈ ኳስ ግዙ። ይህን ስል የአምስት ቀኑ ሥልጠና ፎቶና ሪፖርት እንደሚያምር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

*ክለብ።* ምክትልነቱን ከ15 ደቂቃው ስምምነት ጋር ጀምሩ፤ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ላይሰንስ ላኩት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

*ሰፋ ያለ በጀት ያለው ዞን ወይም ከተማ አስተዳደር።* ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ሐይቅ ከተማን በአንድ መረብ አያይዙ። ሦስት መካሪዎች 18 አሰልጣኞችን ይይዛሉ። በዓመቱ መጨረሻ ከ18ቱ መካከል በሜዳ ሥራቸው የታዩትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ላይሰንስ ላኩ፤ ሲመለሱ እነሱ በተራቸው መካሪ ይሁኑ። ኮርሱ ለሠራ ሰው ሽልማት ይሆናል፤ ማን ይሂድ የሚለውም ክርክር ይቀንሳል።

መካሪውን ስትመርጡ

ታዋቂ ተጫዋች የነበረ ሁሉ መካሪ አይሆንም። ዝም ብሎ አንድ ሰዓት ማየት የሚችል ሰው ፈልጉ። ለማወቅ ቀላል ነው፦ አንድ ልምምድ አብራችሁ እዩና «ምን አዩ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እኔ በነበርኩበት ዘመን» ብሎ ከጀመረ አመስግናችሁ ሸኙት። የአንድ ልጅ ስም ወይም የማሊያ ቁጥር ጠርቶ ከጀመረ ያዙት። ከልጆች ጋር ብቻውን ተዘግቶ እንዳይቀመጥ፣ ምክሩም ልምምዱም ሰው በሚያየው ሜዳ ላይ እንዲሆን በውሉ አስገቡ፤ ይህ ለጀማሪውም ለአንጋፋውም እኩል ይሠራል።

በመጀመሪያው ጉብኝት መካሪው ፊሽካ አይያዝ። ፊሽካው ካለበት እጅ የልጆቹ ዓይን አይነሣምና፣ ወጣቱ አሰልጣኝ በገዛ ሜዳው እንግዳ ይሆናል።